ተሸናፊ ፓርቲ የሚያተርፈው መቼ ነው? የጋና ምርጫዎች ሲታዩ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ጋናውያን ፕሬዚዳንትና ፓርላማ መረጡ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ድራማኒ ማሃማ ከአራት ዓመት በፊት ያጡትን ወንበር ለማስመለስ ተወዳድረው 47 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ናና አኩፎ-አዶ 51 በመቶ አልፈው አሸነፉ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ድምፅ ያህል ነበር። የማሃማ ፓርቲ ኤንዲሲ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄድም ዳኞቹ በማርች 2021 አቤቱታውን በሙሉ ድምፅ ጣሉት። ፓርቲው በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ለአንድ የኤንዲሲ ደጋፊ «ይህ ሽንፈት ይጠቅማችኋል» ማለት በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ነበር።

በ2024 ግን እኚሁ ማሃማ 56 በመቶ ድምፅ ይዘው ተመለሱ። ፓርቲያቸው ከ276 የፓርላማ መቀመጫዎች ከ180 በላይ ወሰደ፤ ሲገዛ የነበረው የአኩፎ-አዶ ፓርቲ ኤንፒፒ ከ90 በታች ወረደ።

ታዲያ የ2020ው ሽንፈት ኤንዲሲን ጠቅሞት ነበር? ምርጫ መሸነፍ ውሎ አድሮ ለፓርቲ ይበጃል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሽንፈትን የማይሽር ውርደት አድርገው የሚያዩም አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይስታሉ ብዬ አምናለሁ። መሸነፍ በራሱ ማንንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ተሸናፊው ቤቱ ሳይፈርስበት መቆየት ሲችልና የሚቀጥለው ምርጫ በቀጠሮው ቀን እንደሚደረግ ሲያምን ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሽንፈት ሽንፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጋና ይህን በግልጽ ታሳያለች። (ከኢትዮጵያ ምርጫዎች በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ዕዳው በማን እጅ ላይ ፈነዳ?

ጋና ከኮቪድ በፊትም በዓለም አቀፉ የቦንድ ገበያ ብዙ ተበድራ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ የመንግሥት ገቢ ቀነሰ፣ ወጪው ናረ። በ2022 መጀመሪያ አንድ ዶላር በ6 ሴዲ (የጋና ገንዘብ) ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በኖቬምበር ከ13 ሴዲ በላይ ሆነ። በዲሴምበር የዋጋ ንረቱ 54.1 በመቶ ደረሰ፤ በዚያው ወር መንግሥት አብዛኛውን የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሙን አስታወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ።

መንግሥት ከዚህ ብድር በፊት ለአገር ውስጥ አበዳሪዎቹም አንድ ከባድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፦ የያዛችሁትን ቦንድ ወለዱ ባነሰ፣ መክፈያ ጊዜው በረዘመ ሌላ ቦንድ ለውጡ። ዕድሜ ልካቸውን የቆጠቡትን በመንግሥት ቦንድ ያስቀመጡ ጡረተኞች በአክራ የገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ። በፌብሩዋሪ 2023 የአገሪቱ የቀድሞ ዋና ዳኛ ሶፊያ አኩፎ፣ እርሳቸውም ጡረተኛ ናቸውና፣ መጥተው ከሰልፈኞቹ ጋር ቆሙ። ኋላ ላይ መንግሥት ጡረተኞቹን ከልውውጡ ነፃ አደረገ። ነገር ግን አገሪቱን በዳኝነት የመሩ ሴት ሚኒስቴር በር ላይ ቆመው «ቁጠባችንን አትንኩ» ሲሉ ያየ ሕዝብ በቀላሉ አይረሳም። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበረው ኤንፒፒ ነው።

ኤንዲሲ በ2020 ቢያሸንፍ ኖሮ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር? እኔ አይመስለኝም። ዕዳው በአንድ ፓርቲ ዘመን ብቻ የተከማቸ አልነበረም። ኤንዲሲ ራሱ በ2015 ከዚሁ የገንዘብ ድርጅት 900 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ብድር ለመውሰድ ተገዶ ነበር፤ በ2016 የተሸነፈውም ሕዝቡን ለዓመታት ባማረረው የመብራት መቆራረጥ ጭምር ነው። ስለዚህ በ2022 ማንም ቢሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፓርቲ መከራውን ይቀበል ነበር። ኤንዲሲ የተረፈው የተሻለ ስለሠራ አይደለም፤ ውጭ ስለነበረ ነው።

የድምፁ ቁጥር ይህን ያረጋግጣል። ማሃማ በ2020 ሲሸነፉ 6.2 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው ነበር፤ በ2024 በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፉ ያገኙት 6.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጭማሪው ይህን ያህል የሚያስገርም አይደለም። የወደቀው የኤንፒፒ ድምፅ ነው፤ ከ6.7 ሚሊዮን ወደ 4.9 ሚሊዮን ገደማ። ኤንፒፒን ይመርጡ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ማሃማ አልሄዱም፤ ቤታቸው ቀሩ። የመራጩ ተሳትፎም በዚያው ልክ አሽቆለቆለ። ብዙ ጊዜ «ተቃዋሚው አሸነፈ» ስንል የሆነው ነገር ገዥው መሸነፉ ነው። መራጭ ከምርጫ በፊት የኢኮኖሚ መጽሐፍ አያገላብጥም፤ ኑሮው ሲከፋ ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ ያያል። ይህ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን ገዥዎች እንዲጠነቀቁ ከሚያደርጉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ቀድሞ ሳይሸነፍ የመጣ የለም

ጋና በ1992 ሕገ መንግሥት ወደ መድብለ ፓርቲ ከተመለሰች ወዲህ ከተቃዋሚነት ተነሥተው ፕሬዚዳንት የሆኑት አራት ናቸው። ጆን ኩፎር በ1996 ተሸንፈው በ2000 አሸነፉ። ጆን አታ ሚልስ በ2000 እና በ2004 ተሸንፈው በ2008 አሸነፉ። አኩፎ-አዶ በ2008 እና በ2012 ተሸንፈው በ2016 አሸነፉ። ማሃማም እንዲሁ በ2016 እና በ2020 ተሸንፈው በ2024 ተመለሱ። አራቱም የመጡት በሽንፈት በኩል ነው።

የተሸነፈ ተወዳዳሪ ባዶ እጁን አይቀርም። ስሙ እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ይታወቃል። የትኛው ወረዳ ላይ ትንሽ እንደጎደለው፣ የትኛው ምርጫ ጣቢያ ላይ ታዛቢ ወኪል እንዳልነበረው ያውቃል። ከሁሉም በላይ ፓርላማ ውስጥ ሰው አለው። በ2020 ምርጫ ኤንዲሲ ፕሬዚዳንትነቱን ቢያጣም ፓርላማው 137 ለ137 ተከፍሎ አንድ መቀመጫ ለግል ተወዳዳሪ ደረሰ። በጃንዋሪ 2021 አፈ ጉባኤ በተመረጠበት ሌሊት አንድ የገዥው ፓርቲ አባል የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን ነጥቆ ለመሮጥ ሞከረ፣ ወታደሮች አዳራሹ ውስጥ ገቡ፣ ሁሉም በቴሌቪዥን ታየ። ሲነጋ ግን ወንበሩን የያዙት የኤንዲሲው አልባን ባግቢን ሆኑ። ያ ሌሊት አስቀያሚ ነበር፤ ሆኖም ተሸናፊው ፓርቲ የመንግሥትን በጀት የመመርመርና የማዘግየት አቅም ይዞ አደረ። በ2021 መጨረሻ መንግሥት በሞባይል በሚላክ ገንዘብ ላይ ግብር ለመጣል ሲያስብ ጠንካራ ተቃውሞ የገጠመው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሕጉ የጸደቀው ከወራት ጭቅጭቅ በኋላ፣ ግብሩም ዝቅ ብሎ ነው።

ሽንፈት ሲያስተምር ለማየት ደግሞ የ2012ን ምርጫ ልጥቀስ። አኩፎ-አዶ ውጤቱን ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። በጋና ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱ በቅጽ ይሞላና የፓርቲ ወኪሎች ፈርመው ቅጂውን ይወስዳሉ። ቅጂው ሮዝ ቀለም ስላለው ሁሉም «ፒንክ ሺት» ይለዋል። ኤንፒፒ በሺዎች የሚቆጠሩ ፒንክ ሺቶችን ይዞ ቀረበ፤ ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ፤ አንድ ፊርማ መጉደሉ፣ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ መጻፉ በየቡና ቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። በኦገስት 2013 አብዛኞቹ ዳኞች አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ። አኩፎ-አዶ በፍርዱ ባይስማሙም እንደሚቀበሉት ተናገሩ፤ አሸናፊውንም ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። እኔ ከጋና ታሪክ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ዳኞቹ በምርጫው አሠራር መስተካከል ያለበትን ዘርዝረዋል፤ ተሸናፊው ፓርቲ ወኪል ምን መፈረምና ምን መያዝ እንዳለበት በስምንት ወር ችሎት ተምሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ አሸነፈ።

ሽንፈት የሚነጥቀው ምርትም አለ

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሽንፈት ጸጋ ነው የሚል ካለ የ2008ን ምርጫ ይመልከት። በኤንፒፒ ዘመን፣ በ2007፣ ጋና ከባሕር ዳርቻዋ ራቅ ብሎ ነዳጅ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ኤንፒፒ በሁለተኛው ዙር ከ9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በ40 ሺህ ልዩነት ተሸነፈ። ነዳጁ መውጣት የጀመረው በዲሴምበር 2010 ነው፤ በ2011 ኢኮኖሚው በ14 በመቶ አደገ። የዘራው ኤንፒፒ ነበር፣ ያጨደው ኤንዲሲ። ኤንፒፒ ስምንት ዓመት ከደጅ ቆየ።

የብሪታኒያ ሌበር ፓርቲ ሁለቱንም ዕጣ ቀምሶታል። በ1951 ከወግ አጥባቂዎቹ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ በመቀመጫ ብዛት ተበልጦ ወረደ። አገሪቱ ገና ምግብ በራሽን ታከፋፍል ነበርና አዲሱ መንግሥት ብዙ አይቆይም ብሎ ማሰብ ይቻል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በ1954 ራሽኑ አበቃ፣ ኢኮኖሚው ተነቃቃ፣ ምስጋናው ለወግ አጥባቂዎቹ ሆነ። ሌበር እስከ 1964 አልተመለሰም።

በ1992 ደግሞ ሌላ ታሪክ ተጻፈ። በጆን ሜጀር የሚመሩት ወግ አጥባቂዎች በአገሪቱ ታሪክ ማንም ፓርቲ ያላገኘውን 14 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ፤ ሌበር አራተኛ ተከታታይ ሽንፈቱን ተከናነበ። አምስት ወር ቆየና ሴፕቴምበር 16 መጣ። ፓውንድ ያን ጊዜ ከጀርመን ማርክ ጋር በተወሰነ ምጣኔ እንዲሄድ የሚያስገድድ የአውሮፓ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ነጋዴዎች ፓውንድን በገፍ መሸጥ ያዙ። መንግሥት በአንድ ቀን ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ አወጣ፣ ከሰዓት በኋላ 15 በመቶ አደርገዋለሁ አለ፣ ማምሻውን ሁሉንም ትቶ ከሥርዓቱ ወጣ። ወግ አጥባቂዎቹ «ኢኮኖሚ በእኛ እጅ ደኅና ነው» የሚለውን ስማቸውን በአንድ ውሎ አጡ። የሚደንቀው፣ ሌበርም ያንኑ ሥርዓት ይደግፍ ነበር። በ1992 ቢያሸንፍ ኖሮ ያ ቀን የሚወድቀው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር። በ1997 ሌበር 418 መቀመጫ ይዞ መጣ፤ ለ13 ዓመትም ገዛ። የተረከበውም ማደግ የጀመረ ኢኮኖሚ ነበር።

ይሁን እንጂ ሌበር በእነዚያ አምስት ዓመታት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። መሪው ኒል ኪኖክ ከሽንፈቱ በኋላ ለቀቁ። ተተኪው ጆን ስሚዝ የፓርቲው አመራረጥ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች በጅምላ የሚሰጡትን ድምፅ የሚቀንስ እንዲሆን አደረጉ። ስሚዝ በ1994 ሲሞቱ የመጡት ቶኒ ብሌር ደግሞ በ1995 ፓርቲው ለአሥርተ ዓመታት የያዘውን የምርት መሣሪያዎች የጋራ ባለቤትነት አንቀጽ አስለወጡ። የገዥው መውደቅ በሩን ከፈተ፤ ገብቶ ለመቀመጥ ግን ቤት አስተካክሎ መገኘት ያስፈልግ ነበር። በ1979 እና በ1983 ተሸንፎ የነበረው ይኸው ፓርቲ እኮ እርስ በርሱ ሲጣላ ዓመታት አባክኗል። አራት ጊዜ ተሸንፎ አንድ ጊዜ ነው የተማረው ብል አላጋነንኩም።

ቀጠሮው ካልታመነ

የሚቀጥለው ምርጫ የታመነ ካልሆነ ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም። ዕቁብ ላይ የዚህ ወር ዕጣ ያልደረሰው ሰው መክፈሉን የማያቋርጠው ዳኛውንና ሌሎቹን አባላት ስለሚያምን ነው፤ ዳኛውን ከተጠራጠረ በሚቀጥለው ወር አይመጣም። ምርጫ ተራ ጠብቆ አይደርስም፣ ይህ ልዩነቱ ነው፤ እምነቱ ግን አንድ ነው። ተሸናፊው ነገም መወዳደር እንደሚችል፣ ቢሮው እንደማይታሸግ፣ አባሎቹ እንደማይታሰሩ ሲያምን ሽንፈትን እንደ አራት ዓመት ይቆጥረዋል። ካላመነ እንደ ሞት ይቆጥረዋል፤ እንደ ሞት የቆጠረውን ደግሞ በምንም መንገድ ላለመቀበል ይታገላል።

ዛምቢያ ሁለቱንም ገጽታ ታሳያለች። ኬኔት ካውንዳ በ1991 ተሸንፈው በሰላም ሥልጣን አስረከቡ። በ1996 ግን ሕገ መንግሥቱ እርሳቸውን ከውድድር በሚያስወጣ መንገድ ተሻሻለ፤ ፓርቲያቸው ዩኒፕ ምርጫውን ረግጦ ወጣ። ለ27 ዓመት አገር የገዛው ፓርቲ ከዚያ በኋላ እየመነመነ ሄዶ ከፓርላማ ጠፋ። ሌላው ተቃዋሚ ሀካይንዴ ሂቺሌማ አምስት ጊዜ ተሸነፉ፤ በ2017 በአገር ክህደት ተከሰው አራት ወር ታሰሩ፤ ቢሆንም ፓርቲያቸውን ይዘው በየምርጫው ተመለሱ። በ2020 አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ በ2021 ሂቺሌማ 59 በመቶ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ምርጫ 97ን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በይፋዊው ውጤት ቅንጅት 109 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ፣ የአዲስ አበባን ምክር ቤት ደግሞ ከአንድ ወንበር በስተቀር ሙሉውን አገኘ። ውጤቱ ተጭበርብሯል ብሎ ስላመነ «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ» የሚለው ክርክር ፓርቲውንም ደጋፊውንም ለሁለት ከፈለ። በመንገድ ላይ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ በጥቅምት 1998 መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከሃያ ወር ገደማ በኋላ በይቅርታ ሲወጡ ቅንጅት ተሰነጣጥቆ ነበር። በ2002 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ ሁለት ብቻ ሲቀራቸው ሁሉንም ያዙ፤ በ2007 አንድም አልቀረ። ቅንጅት ገብቶ 109 ወንበሩን ቢይዝ ይሻል ነበር የሚሉ እስካሁን አሉ፤ መግባቱ ምንም አይለውጥም ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለቱ ክርክሮች በፊት የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛውም ወገን ለሌላው «ከአምስት ዓመት በኋላ በእኩል እንገናኛለን» ብሎ የሚታመን ቃል መስጠት አለመቻሉ። ያ ቃል በሌለበት አገር ለተሸናፊ «ታገስ፣ ይጠቅምሃል» ብሎ መምከር ግፍ ነው።

ጋናም ቢሆን ለተሸናፊ ምቹ አልጋ አይደለችም። ከ260 በላይ የሚሆኑትን የወረዳ ዋና አስተዳዳሪዎች የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ ስለሆነ ፓርቲ ሲለወጥ ከላይ እስከ ታች ሰው ይለወጣል። የተሸነፈ ፓርቲ ደጋፊ የሥራ ዕድልና የመንግሥት ኮንትራት ያጣል። ስምንት ዓመት ደጅ መቆየት ለአንድ ወጣት የፓርቲ አባል የጉልበት ዘመኑ ነው። ፓርቲው ያተርፍ ይሆናል፤ የከፈሉለት ሰዎች ግን ትርፉን ላያዩት ይችላሉ።

አሁን ተራው የኤንፒፒ ነው። ዕጩው ማሃሙዱ ባዉሚያ በ2024 ይፋዊው ውጤት ሳይነገር፣ በምርጫው ማግስት ደውለው አሸናፊውን እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ ፓርቲያቸው ቤቱ ሳይቃጠል ወደ ተቃዋሚ ወንበር ተዛወረ። ዕጣው ግን የ1951 ሌበርን ይመስላል። ከውጭ ቦንድ ያዦች ጋር የተደረገውን መራራ የዕዳ ድርድር የጨረሰው ኤንፒፒ ነው። በ2025 የወርቅ ዋጋ ሲንር፣ ሴዲ ሲጠናከርና የዋጋ ንረቱ ወደ አንድ አሃዝ ሲወርድ ወንበሩ ላይ የነበረው ኤንዲሲ ሆነ። ስለዚህ ኤንፒፒ የገዥውን መውደቅ ብቻ ቢጠብቅ ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። በእጁ ያለው ሌላ ሥራ ነው፤ በ2020 መርጠውት በ2024 ያጣቸውን ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ድምፆች በየምርጫ ጣቢያው ፒንክ ሺት ይዞ መፈለግ፣ በር አንኳኩቶም ለምን እንደቀሩ መጠየቅ።